የአንድ ክር ታሪክ፦ በአባት በኩል የሚቆጠር ዘር ምን ይነግረናል?

ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሶቪየት ቀይ መስቀል የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። የአዲስ አበባ ሰው ስሙን አያስረዝምም፤ «ባልቻ» ብሎት ያልፋል። ታክሲ ውስጥ «ባልቻ ጋ ወራጅ አለ!» የሚል ተሳፋሪ ስለ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ እያሰበ አይደለም፤ ጭንቀቱ የሐኪም ቀጠሮው እንዳያልፍበት ነው። ሰውየው ግን ለዛሬው ጉዳያችን ጥሩ መነሻ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት መካከል ተሰልበው እንደተገኙና ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገብተው እንዳደጉ ይነገራል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በመድፍ ተዋጉ፤ ሲዳሞን ገዙ፤ ጣሊያን ዳግም ሲመጣ በእርጅና ዕድሜያቸው መሣሪያ አንሥተው እ.ኤ.አ. በ1936 እየተዋጉ ሞቱ።

ደጃዝማች ባልቻ ልጅ አልወለዱም። በሥነ ሕይወት ቋንቋ ከተናገርን፣ ከአባታቸው ከሳፎ የመጣው የወንድ መስመር በእሳቸው በኩል ተቆርጧል። አንድ ተመራማሪ ዛሬ የልደታን ወንዶች ሁሉ ምራቅ ሰብስቦ ቢመረምር የባልቻን ልጅ ልጅ አያገኝም። ስማቸው ግን በየቀኑ በሺህ አፍ ይጠራል። ለመሆኑ ከማን ነው የተወለድነው የሚለው ጥያቄና የማን ነን የሚለው ጥያቄ አንድ ናቸው?

ጥያቄው የፍልስፍና ብቻ አይደለም። በተለይ ውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የዘር ምርመራ መግዛት እየተለመደ መጥቷል። ምራቅ በብልቃጥ ይላካል፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ፊደልና ቁጥር ከካርታ ጋር ይመጣል። «የአባትህ መስመር ኢ-ኤም35 ነው» ይላል፤ ወይም «ጄ1 ነው»። ከዚያ ስልኩ ይደወላል፣ ቤተሰቡ ይሰበሰባል፤ «አላልኳችሁም! እኛ እኮ ከዚያ ማዶ ነን» የሚል አጎት አይጠፋም። በአገራችን «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ ቀላል ጥያቄ ባልሆነበት በዚህ ዘመን፣ ከላቦራቶሪ የመጣ መልስ የሚይዘው ክብደት ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ምርመራው የሚለውንና የማይለውን መለየት ይገባናል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የድሮ ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንዲት ፊደል ቢስት፣ ከእሱ ቅጂ የሚገለብጠው ደቀ መዝሙር ያችኑ ስሕተት ይዞ ይሄዳል። የደቀ መዝሙሩ ደቀ መዝሙርም እንዲሁ፤ በዚያ ላይ የራሱን አንዲት ስሕተት ይጨምራል። የብራና አጥኚዎች የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው እንደተቀዳ የሚያውቁት እንዲህ ያሉትን የጋራ ስሕተቶች እየለቀሙ ነው። ሁለት ብራናዎች አንድ ዓይነት ግድፈት ከያዙ አንድ አባት አላቸው ማለት ነው።

ዋይ ክሮሞሶምም እንደዚህ ያለ ብራና ነው። 62 ሚሊዮን ገደማ ፊደል አለው፤ ከዳር እስከ ዳር ተነቦ ያለቀው ገና እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ሌላው የዘር ውርሳችን ከእናትና ከአባት ተቀላቅሎ፣ በየትውልዱ እንደ ካርታ ተበውዞ ይመጣል። ዋይ ግን ሴት ላይ ስለሌለ የሚቀላቀልበት አቻ የለውም፤ ከጫፎቹ በቀር ከአባት ወደ ወንድ ልጅ እንዳለ ይገለበጣል። በየጥቂት ትውልዱ አንዲት ፊደል ትሳታለች። ያቺ ስሕተት ከዚያ ወዲያ ላሉት ወንዶች ሁሉ ማኅተም ትሆናለች። እነዚህን ማኅተሞች ተከትለን ወደ ኋላ ስንሄድ የዓለም ወንዶች ሁሉ አንድ ዛፍ ላይ ይሰቀላሉ። ዋና ዋናዎቹ ቅርንጫፎች በላቲን ፊደል ይጠራሉ፤ ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጄ፣ ቲ እየተባሉ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ማኅተሙ የተመዘገበበት ነው።

እስከዚህ ድረስ ጠንካራ ሳይንስ ነው። ሁለት ሰዎች ኤም35 የተባለችውን ማኅተም ከያዙ፣ በወንድ መስመር አንድ አባት አላቸው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ችግሩ የሚመጣው ካርታው ላይ ነው። በዋይ ክሮሞሶም ላይ «ጎንደር» ወይም «የመን» ተብሎ የተጻፈ ነገር የለም። ቦታው የሚገመተው ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎችን በመቁጠር ነው፤ ቅርንጫፉ የት ይበዛል? የት ነው ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኘው? ብዙ ዓይነት ያለበት ቦታ፣ ብዙ ዘመን የቆየበት ቦታ ሊሆን ይችላል ይባላል።

ይህን ዓይነቱን አስተሳሰብ ኢትዮጵያ ቀድሞ ታውቀዋለች፤ የመጣው ግን በእህል በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን የጎበኘው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ፣ የአንድ ሰብል ዓይነት የበዛበት ቦታ የሰብሉ መነሻ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ለጤፍ ሐሳቡ ሠርቷል። ለገብስና ለስንዴ ግን አልሠራም። የእኛ ደጋ የገብስና የስንዴ ዓይነት የሞላበት ቢሆንም ሁለቱም መጀመሪያ የለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ እዚህ መጥተው ነው የበዙት። ለሰውም ያው ነው። የበዛበት ሁሉ የተወለደበት አይደለም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ኢ-ኤም78 የሚባል ቅርንጫፍ አለ፤ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ እስከ ግብፅና ባልካን ድረስ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 ፉልቪዮ ክሩቺያኒ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ የዚህን ቅርንጫፍ መነሻ ምሥራቅ አፍሪካ ነው አሉ። በ2007 እነዚያው ሰዎች ብዙ ናሙናና አዳዲስ ማኅተሞች ጨምረው፣ መነሻውን ወደ ግብፅና ሊቢያ አካባቢ ወሰዱት፤ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ ተመልሶ ነው አሉ። እንግዲህ አንድ የልደታ ሰው በ2004 ተመርምሮ ቢሆን «አያቶችህ ከዚሁ ናቸው» ይባል ነበር፤ በ2007 «ከሰሜን መጡ»። ደሙ ግን ያው ደም ነው። የተለወጠው የንጽጽሩ መዝገብ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድ አፍሪካ-አሜሪካዊ ቤተሰብ ዋይ ክሮሞሶም ሲመረመር በታወቀው ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት ቅርንጫፍ ጠፋ። ከሁሉም ቀድሞ የተነጠለ፣ ከግንዱ ሥር የወጣ አዲስ ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ፤ ዘመዶቹም ካሜሩን ውስጥ ተገኙ። የሰው ልጅ ወንድ መስመር ዕድሜ በአንድ ብልቃጥ ምክንያት ወደ ኋላ ተገፋ። ያልተጠየቀ ሕዝብ በመዝገቡ ላይ የለም፤ በመዝገቡ ላይ የሌለ ደግሞ ካርታው ላይ የለም።

ወደ ኢትዮጵያ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኦርኔላ ሴሚኖና ባልደረቦቿ የ78 ኦሮሞና የ48 አማራ ወንዶችን ዋይ ክሮሞሶም መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። በሁለቱም ሕዝብ ከአሥር ሰው አንድ ወይም ትንሽ ከፍ የሚለው «ኤ» ላይ ተገኘ፤ ይህ ከጥንታውያኑ ቅርንጫፎች አንዱ ሲሆን በደቡባዊ አፍሪካ ኮይሳን በሚባሉት ሕዝቦች ዘንድም አለ። በሁለቱም ብዙውን ቦታ የያዘው «ኢ» ነው። በዓረብ ልሳነ ምድርና በመካከለኛው ምሥራቅ የሚበዛው «ጄ» ከአማራዎቹ አንድ ሦስተኛ ገደማ ላይ ሲታይ፣ ከኦሮሞዎቹ ጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ታየ።

ይህን ያነበበ አንዱ ተነሥቶ «ይኸው! አማራው ከባሕር ማዶ መጣ» ሊል ይችላል። ረጋ ይበል። ከ48ቱ ሁለት ሦስተኛው ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ከኦሮሞው ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ። 48 ሰው ደግሞ ለሚሊዮኖች የሚናገር መዝገብ አይደለም። ከሁሉ በላይ «ጄ» ያለው ሰውና «ኢ» ያለው ጎረቤቱ ዋይ ክሮሞሶማቸው ቢለያይም፣ ሌላው ደማቸው በአያት በቅድመ አያት ሲቀላቀል የኖረ ነው። «ኢ-ኤም35»ን ተመልከቱ፤ ከሃያ ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በእኛው የአፍሪካ ክፍል እንደወጣ የሚገመት ቅርንጫፍ ነው፤ ልጆቹ አልባኒያና ግሪክ ድረስ ደርሰዋል። ታዲያ አልባኒያዊው ኢትዮጵያዊ ነው እንበል? ማንም አይልም። ለእሱ ያልሠራው ለእኛም አይሠራም። ብሔር የቋንቋ፣ የታሪክና የኑሮ ነገር ነው፤ በዛፉ ላይ «አማራ» ወይም «ኦሮሞ» ወይም «ትግሬ» የሚል ቅርንጫፍ የለም።

ሙሉው የዘር ውርስ ሲታይ ሌላ ታሪክ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ የብዙ የኢትዮጵያ ሕዝቦችን ናሙና መርምረው፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ሕዝብ ጋር መቀላቀል እንደነበረ ጻፉ፤ ሴማዊ ቋንቋ በሚናገሩትም ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩትም ላይ። ዜናው ሲወጣ ቢቢሲ ሳይቀር የንግሥተ ሳባን ስም ርዕሱ ላይ አስቀመጠ። ወሬው ደስ ይላል፤ ለእኛም ጆሮ ይጣፍጣል። ግን አንድ ዘመን ከአንድ ታሪክ ጋር መገጣጠሙ ማስረጃ አይደለም። የሰሎሞን ናሙና ያለው ላቦራቶሪ የለም።

የሰሎሞንን ስም ካነሣን ዘንድ፣ ዘውዱ ራሱ ዘር እንዴት ይቆጥር እንደነበር ማየት ይበጃል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2፣ የንጉሠ ነገሥቱ ትውልድ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ የሣህለ ሥላሴም ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ የቀዳማዊ ምኒልክም ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን እንደሚመዘዝ ይደነግጋል። «ሳይቋረጥ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የራስ መኰንን ልጅ ናቸው፤ ራስ መኰንን የደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ልጅ። ሣህለ ሥላሴ የሚገቡት በወልደ ሚካኤል ሚስት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ በኩል ነው። ልጅ ኢያሱም የምኒልክ የልጅ ልጅ የሆኑት በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል ነው፤ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ነበሩ።

እንግዲህ አንድ የሩቅ አገር ተመራማሪ የኃይለ ሥላሴን ወንድ መስመር ተከትሎ «የሰሎሞንን ዘር አረጋግጣለሁ» ቢል፣ ክሩ የሚያደርሰው ወልደ ሚካኤል ጋ እንጂ ሣህለ ሥላሴ ጋ አይደለም። ገና በሁለተኛው አያት ላይ መንገዱን ይስታል። ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች አልዋሹም፤ ዘር የሚቆጥሩት በአንድ ክር አልነበረም እንጂ። በሴትም ያልፋል፤ ሲያልፍም አይቆረጥም።

ይህ የቤተ መንግሥት ብልሃት ብቻ አልነበረም፤ የባላገሩም ነበር። አለን ሆብን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የጎጃም ዳሞት ጥናቱ እንዳሳየው፣ ርስት የሚጠየቀው ከአቅኚ አባት መወለድን በመቁጠር ነው፤ የሚቆጠረው ግን በአባትም በእናትም፣ በአያት ወንድም በአያት ሴትም ነው። ሰው በአባቱ በኩል ያጣውን በእናቱ በኩል ይከራከርበታል። አጥንት መቁጠር ማለት ከብዙ ክሮች ውስጥ ለጉዳይ የሚሆነውን መርጦ ማውጣት ነበር፤ ዳኛውም፣ የአገር ሽማግሌውም፣ ተከራካሪውም ይህን ያውቁታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የዚህ ዓይነቱ ክርክር አበቃ፤ ልማዱ ግን በሰው አነጋገር ውስጥ አለ።

በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ጎሳ በአባት ይቆጠራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቶቹን ስም ወደ ላይ የሚደረድር ልጅ ዛሬም አይጠፋም። ዋይ ክሮሞሶም እዚህ ቤቱን ያገኘ ይመስላል። ግን እዚያም ሞጋሳ አለ፤ የሌላ ሕዝብ ሰው፣ አንዳንዴም ሕዝብ በሙሉ፣ ወደ ጎሳው ገብቶ የጎሳውን አባት አባቱ የሚያደርግበት ሥርዓት። ጉዲፈቻም አለ፤ ቃሉ ከኦሮምኛ ተነሥቶ የአገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ቃል እስከመሆን ደርሷል። እነዚህ በሙሉ ሥርዓት የገቡ ልጆች ያንኑ አባት ይቆጥራሉ፤ ቢመረመሩ ግን ክራቸው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ቆጠራው ሐሰት ነው ማለት ነው? በፍጹም። ቆጠራው ሕግ ነው፤ ክሩ ሥጋ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ አይጎዳም። ባህላችን ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጥራል። አንድ ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው፤ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ቤት 128 ይሆናሉ። ዋይ ክሮሞሶም የሚናገረው ከ128ቱ ስለ አንዱ ነው። በአሥረኛው ከ1,024ቱ ስለ አንዱ። የቀሩት በሙሉ እንደ እሱ ያህል አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው። ሴት ልጅማ ዋይ ስለሌላት የአባቷን መስመር ለማወቅ ወንድሟን ወይም አባቷን መለመን አለባት፤ ይህ ብቻውን ክሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ይነግረናል።

ታዲያ ቀጭን ከሆነ ለምን እንጨነቃለን? ሰዎች በቀጭን ክር ላይ ከባድ ነገር ስለሚሰቅሉበት ነው። ቤተ እስራኤልን እንውሰድ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ ደርግ በወደቀበት ሰሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። እዚያ ሲደርሱ አይሁዳዊነታቸውን የሚጠራጠር ጠያቂ ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የፈረንሣይ ተመራማሪዎች ጥናት የቤተ እስራኤል ወንዶች ዋይ ክሮሞሶም ከሌሎች አይሁዶች ይልቅ ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እንደሚመሳሰል አሳየ። በተቃራኒው በደቡባዊ አፍሪካ ከሚኖሩት ሌምባዎች መካከል ቡባ የተባለው ጎሳ፣ በአይሁድ ካህናት ዘንድ የሚበዛውን የዋይ ምልክት በብዛት እንደያዘ በ2000 ሲታተም፣ ዓለም «የጠፉት ነገዶች ተገኙ» እያለ ጮኸ። በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች ምልክቱን ዘርዘር አድርገው ሲያዩት ያ የካህናት ግንኙነት ሳሳ፤ ቀድሞ የታየው አጭር ምልክት በሌሎች የመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦችም ዘንድ ያለ ነበር።

ነገሩን በጥሞና ያየ ሰው ግን የሚገርመው ሌላ ነው። በአይሁድ ሕግ አይሁዳዊነት የሚወረሰው በእናት ነው፤ ሃይማኖቱን የተቀበለም ይገባል። ዋይ ክሮሞሶም ስለ እናት አንዲት ቃል አይናገርም። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ሲፈርዱ፣ በ1975ም መንግሥት የመመለስ ሕጉ ይመለከታቸዋል ሲል፣ ያዩት የቆየ የሃይማኖት ውሳኔና የሕዝቡን አኗኗር ነው። አንድ ሕዝብ ሺህ ጊዜ እየተሰደበ፣ መሬት እየተነፈገ የጠበቀውን ሰንበት በምራቅ መመዘን ሚዛኑን ማሳሳት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከደቡብ ነው፤ በእኔ ግምት ለኢትዮጵያ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። በጋሞ ደጋ፣ ሞታ በተባለ ዋሻ ውስጥ (የጎጃሟን ሞጣ አይደለም) የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ወንድ አጽም ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ የበኩር ማለት ነው። ሙሉ የዘር ውርሱ ተነቦ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ የአባቱ መስመር ከዚሁ ከ«ኢ» ነው። ከዛሬ ሕዝቦች በጣም የሚቀርቡት በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት አሪዎች ሆነው ተገኙ። በመጀመሪያው ጽሑፍ ከውጭ የመጣው ደም መላ አፍሪካን አዳርሷል የሚል ድምዳሜም ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በኮምፒውተር ሥራው ላይ አንድ ደረጃ እንደተዘለለ ገልጠው አረሙት። ድብልቁ የምሥራቅ አፍሪካ ነገር ነው እንጂ የመላው አህጉር አይደለም ተባለ። ሳይንስ ራሱን ያርማል፤ የመጀመሪያውን ዜና የሰማ ሰው ግን ዕርማቱን አይሰማም።

አሪዎች ውስጥ ገበሬዎችና ብረት ቀጥቃጮች አሉ። ቀጥቃጮቹ የተናቁ ናቸው፤ ገበሬው ከእነሱ አይጋባም። በአገራችን ከሰሜን እስከ ደቡብ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ» ብሎ የሚሸሽ፣ «ዘራቸው ሌላ ነው፣ ከሌላ የመጡ ናቸው» የሚል ልማድ እንደነበረና እንዳለ የማያውቅ የለም። አጥኚዎችም ለአሪዎቹ ሁለት ማብራሪያ ነበራቸው፤ ወይ ቀጥቃጮቹ የጥንቱ ነዋሪ ቅሪት ናቸው፣ ወይ ከገበሬው ጋር አንድ የነበሩ፣ በሥራቸው ምክንያት የተገፉ ናቸው። በ2015 የታተመ፣ ዋይን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን የዘር ውርስ ያየ ጥናት ሁለተኛውን ደገፈ። ቀጥቃጭና ገበሬ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ አንድ ሕዝብ ነበሩ። የዘር ልዩነት የሚመስለው፣ ጋብቻ መከልከሉ የፈጠረው ልዩነት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዘር ስለተለያየ አይደለም የናቅነው፤ ስለናቅነው ነው የተለያየው።

ይህ ግኝት የእነዚህ ሁሉ ምርመራዎች ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል። «ከየት መጣን?» ለሚለው ካርታ ከመሳል ይልቅ «ለምን ለያየን?» ለሚለው መልስ ሰጠ።

ወደ ልደታ እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልደት መወለድ ነው። በዚያው አካባቢ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የልደታ ምድብ ችሎት አለ። «አባቱ ማነው?» የሚለው ጥያቄ አገራችን ውስጥ በሕግ ዓይን ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ፣ የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992ን ይክፈት። በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ከጋብቻ ውጭ ሲሆን አንቀጽ 143 ፍርድ ቤት አባትነትን የሚያውጅባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከእነሱ አንዱ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመንከባከብ፣ በማሳደግ መሳተፉ ነው። ሕጉ ሥጋን አልናቀም፤ ግን ማሳደግን ከማስረጃ ቆጠረው።

የፍርድ ቤቱ የዲኤንኤ ምርመራና የዘር ካርታው ምርመራ መለያየታቸውም ይታወቅ። አባትነትን የሚያረጋግጠው የልጁንና የሰውየውን ብዙ ምልክቶች ጎን ለጎን የሚያስተያየው ነው። ዋይ ብቻውን ይህን አይችልም፤ ምክንያቱም ሰውየው፣ ወንድሙ፣ አጎቱና አያቱ ያላቸው አንድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን በባርነት ከያዛት ከሳሊ ሄሚንግስ ልጅ ወልዷል የሚለው ወሬ በዋይ ሲመረመር ይኸው ታየ። ጄፈርሰን ለዐቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ልጅ ስላልነበረው የአጎቱ ተወላጆች ተመረመሩ፤ ከኤስተን ሄሚንግስ ተወላጅ ጋር ገጠመ። ግን ምርመራው «ከጄፈርሰን ወንዶች አንዱ» አለ እንጂ «ቶማስ» አላለም። ቶማስን ያሳየው ከደብዳቤውና ከመዝገቡ ጋር ሲደመር ነው፤ ማን መቼ የት እንደነበረ።

ይህን ሁሉ የምንለው የሚመረመረውን ሰው ለማሳነስ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ፓርላማው ለውጭ አገር ዜጎች የሚደረግ ጉዲፈቻን ከማገዱ በፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ አድገዋል። ለእነሱ ብልቃጡ ጨዋታ አይደለም፤ የወላጅ ስም የተሳሳተበት ወረቀት ብቻ ያለው ወጣት የቀረው ምስክር ደሙ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚጠቅመው ግን «ኢ-ኤም35» የሚለው አይደለም፤ ያ ከሃያ ሺህ ዓመት በፊት ስለነበረ አንድ ሰው ነው የሚናገረው። የሚጠቅመው እናትና አባትን ቀላቅሎ የሚያየው ምርመራ ነው፤ «ይህ ሰው ሁለተኛ ዘመድህ ሊሆን ይችላል» የሚለው። እሱም የሚሠራው ዘመዱ ቀድሞ ከተመረመረ ነው፤ ከኢትዮጵያ የተመረመረው ደግሞ ጥቂት ነው። ዘመድ ከተገኘም ቀሪው ሥራ የቆየው ሥራ ነው፤ ሰፈር መጠየቅ፣ የቀበሌ መዝገብ ማገላበጥ፣ ሽማግሌ ማነጋገር።

እንግዲህ ውጤት የያዘ ሰው ቢያማክረን ምን እንበለው? ሦስት ነገር እንጠይቀው። አንደኛ፣ ይህ ቅርንጫፍ ዕድሜው ስንት ነው? አሥር ሺህ ዓመት ካለፈው፣ ስለ ብሔርህ ሊናገር አይችልም፤ ያኔ ከዛሬዎቹ ብሔሮች አንዱም በስሙ አልነበረም። ሁለተኛ፣ ካርታውን የሠሩት ከየት ከየት የመጡ ስንት ሰዎችን መርምረው ነው? ሦስተኛ፣ ከሰባተኛው ቤት 127ቱስ ምን ይላሉ?

ከመለሰ በኋላ ውጤቱን ደስ ብሎት ይያዘው። ከአንድ ወንድ ወደ አንድ ወንድ፣ ጦርነቱንና ረሀቡን አልፎ እሱ ጋ የደረሰ ክር ነው፤ ማክበር ይገባል። «እኛ ነባር ነን፣ እነዚያ መጤ ናቸው» ለማለት ካወጣው ግን ክሩ አይችልለትም፤ ያንኑ ክር ጠላቴ የሚለው ሰው ኪስ ውስጥም ያገኘዋል።